ሃሞክ ላይ ብርዱ ከታች ነው

ልጆች፣ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። "ቲቸር፣ ሃሞክ ላይ ሁለት ጋቢ ደርቤ ተኝቼ ለምን በረደኝ?" ነው የብዙዎቻችሁ ጥያቄ። አጭሩ መልስ፦ ጋቢው ያለው ከላይ ነው፣ ብርዱ የሚመጣው ከታች። ረጅሙን መልስ ግን ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ከምቾት አልፎ ጤና ወደሚነካበት ደረጃ ስለደረሰ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሃሞክን መጀመሪያ እነማን እንደሠሩት እናስብ። የካሪቢያን ደሴቶችና የአሜሪካ ቆላ ሕዝቦች ናቸው። ቃሉ ራሱ ከታይኖ ሕዝብ ቋንቋ በስፓኞች በኩል ለዓለም የደረሰ ነው። እዚያ አገሩ ይሞቃል፣ መሬቱ እርጥብ ነው፣ እባቡና ጉንዳኑ አያስተኛም። ስለዚህ ሰው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከስሩ አየር እያለፈለት እንዲተኛ የታሰበ አልጋ ነው። ለማቀዝቀዝ የተሠራ ዕቃ ይዘን ደጋ እንወጣና በረደን እንላለን!

ጋቢ የሚያሞቀን ጥጡ ሙቀት ስለሚያመነጭ አይደለም። ሙቀቱ የራሳችን ነው፤ ጋቢው የሚያደርገው በክሮቹና በድርቦቹ መሃል አየር ይዞ ሙቀቱ እንዳያመልጥ መከልከል ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ የሆነው በከንቱ አይደለም። ሃሞክ ላይ ስትተኙ ግን ጀርባችሁ ስር የገባው ጋቢ በክብደታችሁ ይጨፈለቃል፣ የያዘው አየር ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ያው እንደ አንሶላ ነው። ከእሱ ስር ያለው ስስ ናይለን፣ ከናይለኑ ስር ደግሞ ንፋስ። በዶላር የተገዛ ስሊፒንግ ባግም ከዚህ አያመልጥም፤ የጀርባው በኩል እንደዚሁ ይጨፈለቃል። ለዚህ ነው ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሌሊት እንኳ፣ እዚሁ ጫሞ አቅራቢያ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ወገባችሁ ቀዝቅዞ የምትነቁት።

(ጫሞን ካነሳን አይቀር፦ ጉማሬ ማታ ማታ ለግጦሽ ከውሃው ይወጣል፣ አዞውም እዚያው ነው። ሃሞክ ውሃው ዳር አይታሰርም። አጎበርም አትርሱ። ይህን ለአርባ ምንጭ ልጅ መንገር ነበረብኝ?)

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ጨንጫ 2,700 ሜትር አካባቢ፣ የጉጌ ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ስሌቱን እናንተው ሥሩት፤ ሒሳብ ያስተማርኳችሁም አላችሁ። አርባ ምንጭ ሌሊት 18 ዲግሪ ከሆነ፣ ጨንጫ ወደ 9 ይወርዳል፣ ጉጌ ጫፍ ዜሮ አካባቢ ነው። ያውም ንፋሱን ሳንቆጥር። ንፋስ ደግሞ ለሃሞክ ዋናው ጠላት ነው። መንገዱ ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንጫ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ከሰዓት በቲሸርት ተሳፍሮ ማታ በረዶ ቤት የገባ ያህል መሆን ቀላል ነው።

ባለፈው ጥር ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ ከአንድ ጉዞ አዘጋጅ ጋር ወጥታ ነበር። ስሙ ይቅር። "ሃሞክ እኛ እናቀርባለን፣ እናንተ ጋቢ ያዙ" ነው የተባሉት። እኩለ ሌሊት ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ ቆይቶ ምላሷ ተሳሰረ፣ ጫማዋን ማሰር አቃታት። አስተባባሪው "ወጣት ነሽ፣ ትለምጂዋለሽ" አላት። ደግነቱ ጓደኞቿ አልሰሙትም፤ ደግፈው በአቅራቢያው ያለ ቤት አንኳኩ፣ አንዲት እናት አስገብተው እሳት ዳር አስቀመጧት፣ በቡልኮ ጠቀለሏት። ተረፈች። ልጆች፣ ብርድ አይለመድም። የሰውነት ሙቀት ወርዶ አነጋገር ሲኮላተፍና እጅ አልታዘዝ ሲል አደጋ ነው፤ መንቀጥቀጡ ሳይሞቁ በድንገት ቢቆም ደግሞ ተሻላት ማለት ሳይሆን ባሰባት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እርጥብ ልብሱን ቀይሩለት፣ ከንፋስ አውጡት፣ ጠቅልላችሁ እቅፍ አድርጉት፣ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ስጡት፣ ሐኪም ፈልጉ።

እነዚያ እናት የከፈቱት በር ነው ለእኔ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር። የዶርዜን ቤት ሁላችንም ፎቶ አንስተነዋል። "ዝሆን ይመስላል" ብለን እንለጥፈዋለን፣ በቃ። ግን ግቡና ተመልከቱት። ግድግዳና ጣሪያ የማይለየው፣ ከቀርከሃ የተጎነጎነ፣ በወፍራሙ የተከደነ፤ መሃል እሳት፣ በአንድ ወገን ከብቶቹ፣ ትንፋሻቸው ራሱ ማሞቂያ ነው። ንፋስ የሚገባበትን መንገድ መዝጋት፣ ሙቀት ያለውን ሁሉ ወደ ውስጥ መሰብሰብ። የጋሞ ደጋ ሰው ስለ ብርድ የሚያውቀውን እኛ የቱሪስት ትርኢት አደረግነው፤ ከዚያ ቤት 200 ሜትር ርቀን ደግሞ በስስ ናይለን ላይ እንንዘፈዘፋለን።

ቡልኮውም እንደዚያው። ሙሽራና ሽማግሌ ትከሻ ላይ ያምራል፣ ሆቴል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የሌሊት ዕቃ መሆኑን ረሳነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በደረቅ ወቅት ለሃሞክ ከቡልኮ የተሻለ ነገር እዚሁ አካባቢያችን አናገኝም፤ ግን የሚለበሰው ከላይ አይደለም፣ የሚሰቀለው ከታች ነው። ውጭ አገር ሃሞክ ስር የሚንጠለጠል ብርድ ልብስ እየተሰፋ ይሸጣል። እኛ ዘንድ ሸማኔው ሠርቶ ጨርሶታል፣ የቀረው ገመድ ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቡልኮውን በቁመቱ ከሃሞኩ ጋር አስተካክሉ፣ ሁለቱን ጫፎች ሰብስባችሁ በገመድ እሰሩና ከሃሞኩ ሁለት ጫፎች ጋር አያይዙት፤ ሃሞኩ ስር እንደ አንቀልባ እንዲያቅፋችሁ። አንድ ሰው ሃሞኩ ላይ ይተኛ፣ ሌላው እጁን በመሃል ያስገባ። እጅ ተጨንቆ ከገባ ቡልኮው እየተጨፈለቀ ነው፣ ገመዱን አላሉት። ክንድ ሙሉ ከገባ ንፋስ መንገድ አግኝቷል፣ አጥብቁት። መዳፍ ነካ ነካ እያደረገ ካለፈ ልክ ነው። ጥጥ ንፋስ ያሳልፋልና ከቡልኮው ውጭ ስስ ሸራ ይሁንበት። ቡልኮ የሌለው ስፖርት የሚሠራበትን የስፖንጅ ማት ሃሞኩ ውስጥ ከጀርባው ስር ያድርግ፤ ማት እንደ ጋቢ በቀላሉ አይጨፈለቅም። ቀጥ ብላችሁ ሳይሆን ትንሽ ሰያፍ ሆናችሁ ተኙ፤ ወገባችሁ አይታጠፍም፣ ጎናችሁም ጨርቁን አይገፋም።

ቦታም ምረጡ። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሸለቆ ውስጥ ይጠራቀማል። የሸለቆው ወለልም የተራራው አናትም ይቅር፣ ከንፋስ የተከለለ ተዳፋት ይሻላል። ደጋው ላይ በቅዱስነት የሚጠበቁ ደኖች ስላሉ፣ ዛፍ ላይ ገመድ ከመጠምጠማችሁ በፊት የአገሩን ሽማግሌዎች ጠይቁ።

"ቲቸር፣ ቡልኮ እኮ ይከብዳል" የሚል አይጠፋም። ይከብዳል፣ አልክድም። ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚጓዝ ሰው በጀርባው ተሸክሞት እንዲወጣ አልመክርም፤ መኪና የሚደርስበት ቦታ ለሚያድር ነው። ከክብደቱ የሚብሰው ደግሞ ውሃ ነው። ጥጥ ከረጠበ ማሞቁን ትቶ ማቀዝቀዝ ይጀምራል፣ ቶሎም አይደርቅም። ስለዚህ በክረምት፣ ጨንጫ በጉም በተሸፈነችበት ሰሞን፣ ቡልኮን ለሃሞክ አልሰጥም። ያን ጊዜ ሱፍ ነው፤ እንደ መንዙ ባና ያለ የበግ ፀጉር እርጥብ ሆኖም የተወሰነ ያሞቃል። ወይም ሃሞኩን ተዉትና ቤት እደሩ፣ አያሳፍርም። ዝናብ ባይጠበቅም ከላይ ሸራ ወጥሩ፤ የሃሞኩ ገመድ ላይ ከጫፉ አጠገብ አጭር ክር አንጠልጥሉ፣ በገመዱ እየተንሸራተተ የሚመጣው ጤዛ በክሩ ይንጠባጠባል፣ እናንተ ጋ አይደርስም።

ሆድም ባዶ አይሁን። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው በምክንያት ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ቅቤ የገባበት በሶ፣ ወይም ቆጮ በማር። ዶርዜ ስትሄዱ አረቄ ይቀርብላችኋል፣ ለወጉ ቅመሱት፣ ግን ለብርድ ብላችሁ አትጠጡ፤ ከቆዳ ሥር ያለውን የደም ሥር ያሰፋና የሆድን ሙቀት ወደ ውጭ ነው የሚያወጣው። የሞቀ የመሰላችሁ ለዚህ ነው። ትኩስ ውሃ ብረት ኮዳ ውስጥ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልላችሁ እቅፋችሁ ውስጥ አስገቡት። ሃይላንድ ግን አይሆንም፣ ይኮማተርና ያፈስባችኋል።

ለጉዞ አዘጋጆች፦ ብዙዎቻችሁ የእኔው ልጆች ናችሁና በቁጣ አትዩት። ሰው ደጋ አሳድራለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ከሃሞኩ ጋር የሚነጠፈውን ካላቀረበ ጉዞውን አይሽጥ። አሥር ሃሞክ ካላችሁ አሥር ቡልኮ ይኑራችሁ፣ እያከራያችሁ ወጪውን ትመልሳላችሁ። ስትገዙም ሸማኔውን "የመጨረሻ ስንት?" እያላችሁ አታሟጡት። እናቶች ለወራት የፈተሉት ጥጥ ነው።

የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ የጨንጫው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። ሃሞኩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁመቱን ሸማኔው ራሱ ይለካላችኋል።