ከተገጠመ በኋላስ?

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት የሰሜኑን ጦርነት ቢያስቆምም፣ እጅና እግራቸውን ያጡ ወገኖቻችን ሕክምና አላበቃም። ሰው ሠራሽ እግር አንዴ ተገጥሞ የሚረሳ ነገር አይደለም። የቀረው የእግር ክፍል በጊዜ ብዛት ስለሚሟሽሽ የሰው ሠራሹ እግር ማቀፊያ ይሰፋበታል፤ ቆዳው ይላጣል፣ ይቆስላል። ታካሚው ልጅ ሲሆን ደግሞ ባደገ ቁጥር ሌላ መሠራት አለበት። በሌለው እግር ላይ የሚሰማው ሕመምም እውነተኛ ሕመም ነውና ቤተሰብ «ቅዠት ነው» ብሎ አይለፈው።

ታዲያ ለዚህ ሁሉ መቀሌ ወይም ባሕር ዳር ወዳለው የተሃድሶ ማዕከል ከሩቅ ወረዳ የሚመላለሰው ገበሬ የመሳፈሪያውንና የማደሪያውን ከየት ያምጣ? እግሩን ሰጥቶ መንገዱን መንሳት ተገቢ አይደለም። ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች ለታካሚውም ለአስታማሚውም የጉዞና የማደሪያ በጀት ሊመድቡ ይገባል።