ሁለት አጽዋማት በአንድ ማዕድ ቤት

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ሲገባ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ የረመዳን ጾም የካቲት 22 ቀን ተጀመረ። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀናት ያህል ስለሚያጥር፣ ሁለቱ አጽዋማት በየዘመኑ እንዲህ መገናኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁንና ልጆቻቸውን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለላኩ ክርስቲያን ቤተሰቦች ነገሩ ከዘመን አቆጣጠር ያለፈ ትርጉም አለው።

እንደሚታወቀው የእኛ ጾም በይበልጥ በምግቡ ዓይነት፣ የእስልምናው ጾም ደግሞ በሰዓቱ የሚጠበቅ ነው። በዚያ አገር ያለች እኅታችን ግን ሁለቱንም ትሸከማለች። ቀን በጾመኞች ፊት መብላት ነውር በመሆኑ አፏን ይዛ ትውላለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚቀርበው ማዕድ ደግሞ በአብዛኛው የፍስክ ነው። ስንዴና ሥጋ አብሮ የሚቀቀልበት ሐሪስ፣ በሥጋ ወጥ የራሰው የቂጣ ፍትፍት ተሪድ፣ ሥጋ የተሞላው ሳምቡሳ በእጇ ይሠራሉ፤ ለእርሷ የሚተርፋት ተምር፣ ቂጣና ሥጋ ያልገባበት የምስር ሾርባ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ አብያተ ክርስቲያናት በይፋ እንዲያገለግሉ ስለማይፈቀድ፣ ጸሎቷን የምታደርሰው በመኝታዋ ጥግ ነው።

ይህ ሲባል ግን የረመዳን ወር የልግስና ወር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ጎረቤት ለጎረቤት ምግብ ይልካል፤ በየመስጊዱ ደጃፍ ለአላፊ አግዳሚው ማፍጠሪያ ይዘረጋል። ከሙስሊም ጎረቤቱ ጋር ዓውደ ዓመት ሲጠራራ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ባይተዋር የሚያደርግ ሥርዓት አይደለም።

ችግሩ ያለው ከሥራው ጫና ላይ ነው። በኤምሬቶች በረመዳን የግል ድርጅት ሠራተኛ የቀን ሥራ በ2 ሰዓት ይቀነሳል፤ በሳዑዲ የሠራተኛ ሕግም የሙስሊም ሠራተኞች ሥራ በቀን ከ6 ሰዓት እንዳይበልጥ ተደንግጓል። የቤት ሠራተኞች ግን በሁለቱም አገሮች ከዚህ አጠቃላይ ሕግ ውጭ ሆነው በተለየ ደንብ ይተዳደራሉ። በመሆኑም የቢሮው ሥራ በሚቀልበት ወር የማዕድ ቤቱ ሥራ ይከብዳል፤ ከማፍጠሪያው እስከ ሱሁር ምድጃው አይጠፋም፤ የዒድ እንግዳም ይከተላል።

በኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ፣ ከዚህም ቢያንስ 8ቱ ተከታታይ እንዲሆኑ፣ በሳምንትም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ያዝዛል። ሕጉ በጎ ቢሆንም ከተዘጋ በር በስተጀርባ ሰዓት የሚቆጥር ምስክር አይገኝም። ስለዚህ የሥራና የዕረፍት ሰዓት በውሉ ላይ በግልጽ መስፈሩን፣ ውሉም በሕጋዊ መንገድ መጽደቁን ከጉዞ በፊት ማረጋገጥ የቤተሰብም ኃላፊነት ነው።

በትንሣኤ ዋዜማ ስልክ ሲደወል እናት አስቀድማ የምትጠይቀው «ልጄ፣ ጾምሽን ጾምሽ ወይ?» ብላ ነው። ጥያቄው የእምነት ጥያቄ ነውና ይገባል። ነገር ግን «እንቅልፍ ተኛሽ ወይ? ደመወዝሽ በእጅሽ ገባ ወይ?» የሚለው ቢታከልበት መልካም ነው። የበዓሉ በግ የሚገዛው በዚያች ልጅ ድካም ነውና፣ ማዕዱ ሲባረክ ስሟም አብሮ ይነሣ።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!