የመዳብ ምልክትና የመዳብ ክምችት፦ ከራንጌል ተራሮች የሚገኝ ትምህርት

በሥነ ምድር ጥናት የመዳብ ምልክትና የመዳብ ክምችት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሆኖም ከመንገድ በራቀ ተራራ፣ በእሳተ ገሞራ አለት ስንጥቅ ላይ አረንጓዴ ማላካይት ሲታይ ልዩነቱ በቀላሉ ይዘነጋል። የናሙናው የመዳብ መጠን በመቶኛ ተሰልቶ ይቀርባል፤ ናሙናው ከምን ዓይነት አለት፣ ወዴት ከሚያመራ ስንጥቅና ከምን ያህል ስፋት እንደተወሰደ ግን ሳይገለጽ ይቀራል። እንዲህ ያለው ዘገባ ከሚያስረዳው ይልቅ የሚያሳስተው ይበልጣል።

በአላስካ የሚገኙት የራንጌል ተራሮች ለዚህ በቂ ማስረጃ ናቸው። በዚያ ኒኮላይ ግሪንስቶን የተባለው የትራያሲክ ዘመን ባዛልት ውፍረቱ በአንዳንድ ስፍራ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በስንጥቆቹና በጋዝ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የመዳብ ማዕድናት በብዙ ቦታ ይታያሉ፤ ነባሮቹ የአትና ሕዝቦችም በተፈጥሮ ንጹሕ ሆኖ ከሚገኘው መዳብ ከጥንት ጀምሮ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1938 የተሠራበትና ከግማሽ ሚሊዮን ቶን በላይ መዳብ ያስገኘው የኬኒኮት ክምችት ዋና አካል በባዛልቱ ውስጥ አልነበረም፤ በላዩ ባረፈው በቺቲስቶን የኖራ ድንጋይ የታችኛው ክፍል ነበር። ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ ትኩስ ፈሳሽ መዳቡን ከባዛልቱ አሟሙቶ በስንጥቆች ወደ ላይ እንደወሰደውና በኖራ ድንጋዩ ውስጥ በአመዛኙ ቻልኮሳይት ሆኖ እንደረጋ ያስረዳል። በባዛልቱ ውስጥ የቀሩት ምልክቶች ግን አብዛኞቹ ለቁፋሮ የሚበቁ አልሆኑም።

ስለዚህ ምንጩ፣ መተላለፊያውና ማረፊያው ተለይተው ካልተጠኑ የባዛልት መኖር ብቻውን ብዙ አይናገርም። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ሲሆን፣ በሰሜኑ ክፍል የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የሚገኘው ከሥሩ እንጂ ከላዩ አይደለም። የንብርብሩ ቅደም ተከተል ከራንጌል ተቃራኒ በመሆኑ የኬኒኮትን ምሳሌ እንዳለ መውሰድ አይቻልም። በትግራይ ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ አለቶች ውስጥ ያለው መዳብ ደግሞ በባሕር ወለል ከተፈጠረ የሰልፋይድ ክምችት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሌላ መመዘኛ ይሻል።

በሩቅ ተራራ ጊዜና ስንቅ ውስን ስለሆነ ከገጽ የተለቀመ ናሙና ብቻ መያዝ ግድ ነው የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። መከራከሪያው እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ናሙናው እንዴት እንደተመረጠ መግለጽ ተጨማሪ ስንቅ አይጠይቅም። ንጹሕ ቻልኮሳይት በክብደቱ 80 በመቶ ገደማ መዳብ ነው፤ በእጅ የተመረጠ አንድ ቁራጭ ከፍተኛ ውጤት ቢሰጥ ስለ ተራራው የሚያረጋግጠው ነገር የለም። ከምልክቱ አጠገብ ያለው መዳብ አልባ አለትም ተለክቶ ሊመዘገብ ይገባል።

ወደ ኬኒኮት 315 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ መዘርጋት አስፈልጎ ነበር። ርቀቱ ይህን ያህል ወጪ በሚጠይቅበት ስፍራ፣ ያልተሟላ ዘገባ የባለሀብትን ገንዘብ ከማባከን አልፎ የአካባቢውን ነዋሪ ከንቱ ተስፋ ላይ ይጥላል። የድኅረ ምረቃ ጥናት ቀዳሚ ግዴታም የታየውን ከነዙሪያው በታማኝነት መመዝገብ ነው።