እንጥል አይደለም

ልጄ ጡት በደንብ እየጠባች በተወለደች በሁለተኛው ሳምንት ክብደቷ መቀነስ ጀመረ። ታስመልሳለች፤ ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ዳይፐሯ ግን ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ጎረቤቶቻችን «እንጥሏ ወርዶ ነው፤ አስቆርጡላት» አሉን። ሰውነቱ ፈሳሽ ያጣን ጨቅላ በምላጭ ማድማት ምን እንደሚያስከትል ለመገመት ሐኪም መሆን አያሻም።

ሆስፒታል ስንደርስ የኤሌክትሮላይት ምርመራ ታዘዘ። «አባት፣ ሪኤጀንት አልቋል፤ ውጭ ያሠሩ» ተባልኩ። ደሟን በብልቃጥ ይዤ ታክሲ ተሳፈርኩ። ሶዲየሟ በጣም ዝቅ፣ ፖታሲየሟ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ ግን ውጤቱን አላመነችውም፤ መንገድ ላይ የተናጠ ደም ቀይ ሕዋሱ ስለሚፈርስ ፖታሲየሙ በሐሰት ከፍ ብሎ ይታያል። ልጅቷ እንደገና ተወጋች። ሁለተኛው ውጤትም ያው ሆነ። ፖታሲየም ሲበዛ ልብን ሊያቆም ይችላል።

በመጀመሪያ የተጠረጠረው የሆርሞን እጥረት ነበር፤ ሆርሞኑ ተሰጣት፣ ለውጥ የለም። ኋላ እንደታወቀው አልዶስተሮን የሚባለው ሆርሞን በሰውነቷ ሞልቶ ተርፏል። ሥራው ጨው እንዲቀር፣ ፖታሲየም እንዲወጣ ኩላሊትን ማዘዝ ነው፤ የእሷ ኩላሊት ግን ትእዛዙን አይሰማም። ሕመሙ ሱዶሃይፖአልዶስተሮኒዝም ይባላል፤ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ላብንና ሳንባን ጭምር የሚነካው ዓይነት ዕድሜ ልክ ይከተላል። የእኛው ዓይነት ግን ኩላሊት ላይ ብቻ የሚወሰነው ነው፤ ልጅ ሲያድግ ይሻላል።

መድኃኒቱ ጨው ነው! በሐኪም ልክ ተበጥብጦ በሲሪንጅ አፏ ውስጥ ይንቆረቆራል። አማቴ መጀመሪያ ቀን «ለአራስ ጨው? በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ዛሬ ሰዓቱን የሚያስታውሱን እሳቸው ናቸው።

በየወረዳው ይህን ሕመም የሚያረጋግጥ የዘረመል ላብራቶሪ ይከፈት አልልም፤ ሕመሙ ብርቅ ነው። ነገር ግን በጨቅላነት የሽንት መሥመር ኢንፌክሽንም ይህንኑ መልክ ሊያመጣ ይችላል፤ ያ በአንቲባዮቲክ ይድናል። የአድሬናል ዕጢ ሆርሞን እጥረትም እንዲሁ ይመስላል፤ ለእሱ የሆርሞን ክኒን አለ። ሦስቱንም ለመጠርጠር መነሻው ሶዲየምና ፖታሲየምን መለካት ነው። ስለዚህ ለሚያስመልስና ክብደት ለማይጨምር ጨቅላ ይህ ምርመራ ሌትም ቀንም መኖር አለበት። ሪኤጀንት ካለቀም ደሙን ሆስፒታሉ ራሱ በአግባቡ ይላከው እንጂ ለአባት አያስታቅፈው።