ከሰሊጥ አጨዳ ወደ ክፍል
መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ተማሪዎች በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲማሩ ተነገራቸው። መብራትና ኔትወርክ ለሌለው የገጠር ልጅ ይህ ትምህርት አልነበረም። ሰሊጥ በሚመረትባቸው በገንዳ ውሃና በመተማ ቆላ ደግሞ ሌላ ፈተና ተጨመረ፤ ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ የተከፈቱት በ2013 ጥቅምት፣ ልክ ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ሰሊጥ ቀጠሮ አያውቅም፤ ከዘገዩበት ፍሬው ይረግፋል፣ ስለዚህ የልጅ ጉልበት ሳይቀር ይፈለጋል። ሰባት ወር ከደብተር የራቀና የቀን ሥራ ገንዘብ የቀመሰ ታዳጊ በማስታወቂያ አይመለስም። የሚመልሰው በስሙ የሚጠራው መምህር፣ ገቢው ቢቀርባትም ልጇ ይማር የምትል እናት፣ በደጁ አልፎ "ና እንሂድ" የሚለው ጓደኛው ነው። የትምህርት ቤት ማኅበረሰብ ጽናት የምለው ይህንን ነው፤ ጭንብልና የእጅ መታጠቢያ ብቻቸውን በቂ አልነበሩም። የሰሊጥ ባለሀብቶች ሆይ፣ በአጨዳ ሰሞን ተማሪ አትቅጠሩ።