ፎልደር ጠፋ ተብሎ ፎርማት አይደረግም!

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ኮምፒውተር የምትጠግኑ፣ ኡቡንቱም የምትጠቀሙ ወንድም እህቶቼ፣ ይቺን አንብቧት።

ሃርድ ዲስክ ሲሞላ ብዙ ሰው «ቫር» ውስጥ ገብቶ «ካሽ» የሚለውን ፎልደር ጠራርጎ ያጠፋዋል። ከዛ አዲስ ፕሮግራም ልጫን ሲል አፕት «ፓርሻል የሚባለው ፎልደር የለም» ብሎ ይቆማል። ጠጋኝ ጋ ሲወሰድስ? «ሲስተሙ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ!» የተማሪው መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቁ ሂሳብ፣ የልጆቹ ፎቶ አብሮ ይሄዳል። ለአንድ ባዶ ፎልደር ሲባል!

መፍትሔው እኮ አንድ መስመር ነው። ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

ሱዶ ኤምኬዲር -ፒ /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ/ፓርሻል

ቀጥሎ «ሱዶ አፕት አፕዴት»። «ሊስትስ» ውስጥ ያለው ፓርሻልም ጠፍቷል ካለ፣ /ቫር/ሊብ/አፕት/ሊስትስ/ፓርሻልን በዚሁ መንገድ ፍጠሩ። አለቀ።

የተፈለገው ቦታ ማስለቀቅ ብቻ ከሆነ ደግሞ «ሱዶ አፕት ክሊን» በቂ ነው፤ የወረዱትን ፋይሎች አጥፍቶ ፎልደሩን ይተወዋል። ካሽን በሙሉ የጠረገ ሰው ግን «ዴብኮንፍ»ንም ያጣል፤ ፕሮግራም ስንጭን ለጥያቄዎቹ የሰጠናቸው መልሶች ያሉት እዛ ነው።

ቆይ ግን፣ ለምንድነው ለማጥፋት እንዲህ የምንቸኩለው? እኛ አገር ዳታ በጥቅል ነው የሚገዛው። አንዴ በብር የወረደ ፋይል ነገም ይሠራል። እኛ ጋ ካሽ ማለት በሁለቱም ትርጉሙ ገንዘብ ነው! ሰኔ 2012 ኢንተርኔት ለሳምንታት የተዘጋ ጊዜ ብራችሁ ቢኖርም ምንም ማውረድ አይቻልም ነበር። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለህ ነገር ቀድሞ የወረደው ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥገና ቤት ያላችሁ ልጆች፣ ከኡቡንቱ 16.04 ወዲህ «አፕት» ጭኖ ሲጨርስ ያወረደውን ራሱ እንደሚሰርዘው እወቁ፤ «አፕት-ጌት» ግን ያስቀምጥላችኋል። በሱ አውርዱና ፋይሎቹን ፍላሽ ላይ ያዙ። ቨርዥኑና የፕሮሰሰሩ ዓይነት አንድ ከሆነ፣ ለሚቀጥለው ደንበኛ ኮምፒውተር ዳግመኛ ዳታ መግዛት የለባችሁም።

የሰው ፋይል አደራ ነው። ፎርማት የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። የሚጠግን ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።