የሚያጓራው ማሽን

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሥራውን በተራ ነው የሚሠራው፤ ውሃ ይቀበላል፣ ልብሱን እያገላበጠ ያጥባል፣ ውሃውን ያስወጣል፣ በመጨረሻም ድራሙን በኃይል አሽከርክሮ ይጨምቃል። በየተራው የሚሠራው ዕቃ ስለሚለያይ፣ ጩኸቱ የተሰማበት ጊዜ ጥፋተኛውን ከሞላ ጎደል ይጠቁማል። ባለሙያ ሲጠራ «ማሽኑ ይጮኻል» ከማለት «ሲጨምቅ ይጮኻል» ማለት የተሻለ የሆነውም ለዚህ ነው።

ገና ውሃ ሲቀበል ረዘም ያለ እምምታ ካሰማ፣ ነገሩ ከውሃ መግቢያው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች፣ ተቋርጦ የተመለሰ ውሃ ዝገትና ደለል ይዞ ይመጣል፤ ከማሽኑ ጀርባ ቱቦው የሚገጠምበት አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊትም ይደፍናል። ቧንቧው ተዘግቶ ወንፊቷ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ብትታጠብ ይበቃል።

ውሃ ሲያስወጣ ጠጠር የሚፈጭ ከመሰለ ደግሞ ፓምፑ ውስጥ ባዕድ ነገር አለ። ከፊት የሚከፈቱት ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ ታች ጥጉ ላይ ትንሽ መዝጊያ አላቸው፤ ማጣሪያው ያለው ከእሷ ኋላ ነው። መጀመሪያ ማሽኑ ከሶኬት ይነቀላል፤ በሙቅ ውሃ ያጠበ ከሆነም እስኪበርድ ይጠበቃል። ከዚያ ዝርግ ትሪ ከሥሩ ተደርጎ ማጣሪያው ቀስ ተብሎ ይፈታል። የአንድ ብር ሳንቲም፣ አዝራር፣ የፀጉር ሽቦ የተለመዱ ናቸው። የጡት መያዣ ሽቦ ግን የድራሙ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ሊቀርና ብረቱን እየፋቀ ሊጮህ ይችላል።

ትልቁ ጩኸት የሚሰማው በጭመቃው ላይ ነው። በደቂቃ 1200 ዙር የሚጨምቅ ማሽን ድራሙን በሰከንድ 20 ጊዜ ያዞረዋል። የድራሙ ስፋት ግማሽ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ በአንድ ጎን የተከማቸ ግማሽ ኪሎ እርጥብ ልብስ ድራሙን የሚጎትተው እንደ 200 ኪሎ ሸክም ሆኖ ነው። ይህን ለመቋቋም ድራሙ በላይ በሞላ ተንጠልጥሎ፣ በታች በሾክ ተይዞ፣ ከባድ የኮንክሪት ማመጣጠኛ ታስሮበት ይሠራል። ጋቢ ግን ይህን ሁሉ ዝግጅት ይፈትናል። አራት ድርብ ጥጥ ውሃውን ጠጥቶ፣ ብቻውን ሲሆን እንደ ኳስ ይጠቀለላል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ሚዛኑ መዛባቱን አውቀው ፍጥነት ይቀንሳሉ ወይም አልጨምቅም ይላሉ፤ ይህን እንደ ብልሽት የሚቆጥር ሰው አይጠፋም። መፍትሔው አስቁሞ ጋቢውን መዘርጋትና ሁለት ሦስት ፎጣ አብሮ ማስገባት ነው።

ልብሱ ተስተካክሎም ማሽኑ ከዘለለ ወለሉ ይታያል። የመታጠቢያ ቤት ወለል ውሃው ወደ ፍሳሹ እንዲሄድ ዘንበል ተደርጎ ስለሚሠራ፣ አራቱም እግሮች እኩል መሬት አይነኩም። ላዩን በሁለት ተቃራኒ ማዕዘን ተራ በተራ ሲጫኑት ከተወዛወዘ፣ እግሩን በቁልፍ ዝቅ ወይም ከፍ አድርጎ፣ በሊቬላ ለክቶ፣ ማጥበቂያ ዳዶውን ማጥበቅ ያስፈልጋል። ከሥሩ ጨርቅ መጎዝጎዝ ወይም ላዩ ላይ ድንጋይ መጫን ችግሩን አይፈታም፤ ጨርቁማ ይባስ እንዲንሸራተት ያደርገዋል። ውሃ በሌሊት ብቻ በሚመጣበት ኮንዶሚኒየም ታች ያለው ጎረቤት የሚዘል ማሽንን ድምፅ በደንብ ያውቀዋል።

አዲስ ማሽን በመጀመሪያው ቀን ቤቱን ካናወጠ፣ ድራሙ በጉዞ ላይ እንዳይንገላታ ከጀርባ የታሰሩት 3 ወይም 4 ረጃጅም ቡሎኖች አልወጡ ይሆናል። ወጥተው መቀመጥ አለባቸው እንጂ አይጣሉም፤ ተከራይ ቤት ሲቀይር መልሶ ይገጥማቸዋል። ያገለገለ ማሽን ከሆነ ደግሞ ባዶውን ድራም ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ አንዴ ተነሥቶ ከመቆም ይልቅ ደጋግሞ ከነጠረ ሾኩ አልቋል።

ባዶውንም ሲሽከረከር እንደሚነሣ አውሮፕላን እያጓራ፣ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ድምፁ ከጨመረ፣ ጉዳዩ የኩሽኔታ ነው። ድራሙ በእጅ ሲዞር ይንኳኳል፤ ጠርዙ ወደ ላይ ሲነሣ ይላላል፤ አንዳንዴም ከጀርባ ቡናማ የዝገት ጅረት ይታያል። ውሃ የሚከለክለው ጎማ ስላለቀ ውሃ ገብቶ ቅባቱን አጥቦታል ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ማሽከርከሩ ከቀጠለ ድራሙን የያዘው ዘንግም ይበላል፤ ያኔ ወጪው ሌላ ነው። የድራሙ ማቀፊያ በቡሎን የተገጠመ ከሆነ ተፈትቶ ኩሽኔታው ይቀየራል። በፋብሪካ የተበየደ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ማቀፊያው በሙሉ ይገዛል፤ ያ ደግሞ ላረጀ ማሽን አያዋጣም። ኩሽኔታው ሲቀየር ጎማው አብሮ ካልተቀየረ፣ አዲሱም ያንኑ ውሃ ይጠጣል።